ዶሮዋን ማን አያት?

አክስቴ ቤት ቡና ሲፈላ ቆሎው የሚቀርበው በክብ ቆርቆሮ ነው። ስፋቱ ሳህን ያህላል። ጠርዙ ዝቅ ያለ ነው። ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል። ልጅ ሆኜ የብስኩት ቆርቆሮ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን ገልብጬ ሳየው ከሥሩ «400 ጫማ» የሚል የፈረንጅ ጽሑፍ አገኘሁ። ብስኩት ደግሞ በጫማ አይለካም።

«አክስቴ፣ ይሄ ነገር ከየት መጣ?» አልኳት።

«አጎትህ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣው ነዋ» አለች። ባለቤቷን ማለቷ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። «ፊልሙን ሰብስበው አቃጠሉት። ቆርቆሮውን ለሠራተኛ አደሉት። ለኛም ደረሰን።»

«ለምን አቃጠሉት?»

«እሳት ያስነሳል ብለው።»

እሳት እንዳያስነሳ በእሳት አነደዱት ማለት ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አላነሣም። ዛሬ እዚያ ያሉት ሰዎች ነገሩን በወሬም አልሰሙት።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ከአንዱ የቴሌግራም ግሩፕ ወደ ሌላው ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ ነው። ለኔ ብቻ ስድስት ሰው ልኮልኛል። መነሻው እዚሁ ደሴ ነው። ጥቂት ወጣቶች በየቤቱና በየመጋዘኑ የቀሩ አሮጌ ጥቅል ፊልሞችን እንሰብስብ አሉ። ጸሐፊው ደግሞ «ተዉት፣ ይቅርባችሁ» አሉ። ብዕራቸው ይጣፍጣል። ያሳቁኝ ቦታዎችም አሉ። ሐሳባቸው ግን አብዛኛው ስህተት ነው። ወደ ምላሹ ከመግባቴ በፊት ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሠሩት አጫጭር የትምህርት፣ የዘገባና የአማተር ፊልሞች አንዴ ታይተው እንዲጣሉ የተሠሩ ናቸው፤ ጥበብ የለባቸውም ይላሉ። ከጀርባቸው መንግሥት ወይም ኩባንያ ስላለ ውሸት ናቸው ይላሉ። በዚያ ላይ ያኔም ቢሆን የኛ ገበሬ አልገባውም፤ ትንኝ በስክሪን ላይ ዝሆን አክላ ብትታየው «የኛ አገር ትንኝ ይህን አታክልም» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ ይላሉ። ግለሰቦች የቀረጹትማ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ለታሪክ ምን ይጠቅማል ይላሉ። ወሎ ደግሞ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ከረሃብ በቀር ሌላ ፊት የላትም፤ ስለዚህ ቢጠፉ ይሻለናል ይላሉ። በመጨረሻም አሮጌ ፊልም እንደ ባሩድ የሚቀጣጠል አደጋ ነው፣ ለማዳን የሚወጣው ገንዘብ ለወጣት ፊልም ሠሪዎች ካሜራ ቢገዛበት ይሻላል ብለው ይዘጋሉ።

የቀነስኩባቸው ነገር ያለ አይመስለኝም። እንግዲህ ወደ መልሱ። የውጭ አገሩን ነገር ስጽፍ ዓመቱ በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ የኛን ስጽፍ በኛ።

ከእሳቱ ልጀምር፤ የቆርቆሮው ነገር ስለሚቆጨኝ። የሲኒማ ቤቱ ትልቁ ፊልም፣ 35 ሚሊ ሜትር የሚባለው፣ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በብዛት የሚሠራው ከናይትሬት ነበር። እሱ እውነትም ይቀጣጠላል። አንዴ ከተያያዘ ውሃ አያጠፋውም። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። 16 ሚሊ ሜትር ግን ሌላ ነገር ነው። ኮዳክ በ1923 ሲያወጣው ለመኖሪያ ቤትና ለትምህርት ቤት አስቦ ስለነበር ከመጀመሪያው ጀምሮ በቀላሉ በማይቀጣጠል አሴቴት ነው የተሠራው። «ሴፍቲ ፊልም» (አደጋ የሌለው ፊልም) የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። በ1932 የመጣው 8 ሚሊ ሜትርም እንደዚያው። በየቀበሌው፣ በየጤና ጣቢያውና በየትምህርት ቤቱ ሲዞር የነበረው ፊልም 16 ነው። አጎቴ መሥሪያ ቤት የተቃጠለውም 16 ነው። የአክስቴ ቆርቆሮ ምስክሬ ነው።

«ጥበብ የለባቸውም» በሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። አብዛኞቹ አሰልቺ ናቸው። ይህን ለመካድ አልሞክርም። ስለ ጥርስ አቦራረሽ የተሠራ ፊልም እያየሁ እንቅልፍ ወስዶኝ ያውቃል። ግን ማጠራቸውን እንደ ድክመት መቁጠር ትክክል አይደለም። አንድ የ400 ጫማ ጥቅል በሴከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሄድ 11 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መምህሩ አንድ ጥቅል ይሰቅላል፣ ያሳያል፣ በቀረው የክፍለ ጊዜው ሰዓት ያስረዳል። ልኩ የተቆረጠው በቆርቆሮው ነው። ጥበብን በተመለከተ ደግሞ በ1936 የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ስለ ሌሊት የፖስታ ባቡር ያሠራውን ፊልም አንድ ጊዜ ይዩት። ግጥሙን የጻፈው ኦደን ነው፣ ሙዚቃውን የሠራው ብሪተን። ሁለቱም በአገራቸው ስመ ጥር ናቸው። ደብዳቤ እንዴት እንደሚመላለስ ለማስረዳት ተብሎ ነው ይህ ሁሉ።

ውሸት ናቸው የሚለው ክስ ጠንከር ይላል። ግማሹን እቀበላለሁ። እንዲያውም ጸሐፊው ያልጠቀሱት ማስረጃ አለኝ፤ ልስጣቸው።

በ1954 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አጭር ፊልም አለ። በበረሃ ላይ ሦስት ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ቆመዋል። ሁለቱ ያረጁና የተጎሳቆሉ ናቸው። መሃለኛው ንጹሕ ነው፤ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። አቶሚክ ቦምብ ይፈነዳል። ሁለቱ ይነዳሉ፣ መሃለኛው ይተርፋል። መልእክቱ ቤትህን አጽዳ፣ ቀለም ቀባ፣ ትድናለህ ነው። ፊልሙን ከአገሪቱ የሲቪል መከላከያ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ያሠራው ቀለም እንዲቀባ የሚቀሰቅስ ቢሮ ነበር። ከዚህ የበለጠ ዓይን ያወጣ ማስታወቂያ የት ይገኛል?

ታዲያ በ2001 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይህንኑ ፊልም ተጠብቀው እንዲቆዩ ከሚመረጡት ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ለምን? ፊልሙ ስለ ቦምብ የሚለው ውሸት ቢሆንም ስለ ሠሪዎቹ የሚናገረው እውነት ነው። ሰው ምን ያህል ፈርቶ እንደነበር ያሳያል። ፍርሃቱን ማን እንደነገደበትም ያሳያል። ሌባ ጥሎት የሄደ ጫማ የሌባውን ማንነት ይናገራል። ጫማው ቆሻሻ ነው ብሎ የሚጥለው ፖሊስ ምን ዓይነት ፖሊስ ነው?

ደግሞ ሁሉም አይዋሹም። በ1958 አንድ የቴሌፎን ኩባንያ ገንዘብ አውጥቶ በሆሊውዱ ዳይሬክተር በፍራንክ ካፕራ ያሠራው ስለ አየር ሁኔታ የሚያስተምር ፊልም አለ። ለልጆች ተብሎ ካርቱን ሁሉ ገብቶበታል። እዚያ ውስጥ አንድ ሰውዬ ፋብሪካና መኪና የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምድርን አየር ሊያሞቅ፣ የዋልታውን በረዶ ሊያቀልጥ ይችላል ይላል። በ1958! ዛሬ በየስብሰባው የምንሰማውን ነገር የትምህርት ቤት ልጆች ያኔ በፕሮጀክተር ሰምተውታል። በጸሐፊው ሚዛን ይህም ይጣላል፤ ከጀርባው ኩባንያ አለዋ።

ወደኛ ስንመጣ ከሁሉ የከፋው ዋሾ የጣሊያኑ ሉቼ ነው። በ1924 የተቋቋመ የመንግሥት የፊልም ድርጅት ነው። ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜ ካሜራዎቹ ከጦሩ ጋር ዘምተዋል። መንገድ ሲሠራ ያሳያል፣ ባንዲራ ሲሰቀል ያሳያል፣ ሐኪም ሕፃን ሲመረምር ያሳያል። የመርዝ ጋዙን አያሳይም። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ስትደበደብ ከታች የነበረውን ሰው አያሳይም። ይህ በዝምታ መዋሸት ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ። ግን ውሸታም ምስክር ሲመጣ ዳኛው ከችሎት አያባርረውም። አስቀምጦ ይጠይቀዋል። ካሜራው ወታደሩን ሲከተል ከወታደሩ ጀርባ ያለው ቤት፣ አጥሩ፣ የሴቲቱ አለባበስ፣ የገበያው ስፋት ሳይፈለግ አብሮ ይገባል። ማንም እንዲዋሽ ያላዘዘው ነገር እሱ ነው።

አሁን ወደ ገበሬው። ከጽሑፉ ሁሉ ያናደደኝ ይህ ቦታ ነው። ጸሐፊው የወሎ ሰው መሆናቸውን ደግሞ ከአጻጻፋቸው እገምታለሁ፤ ይህ ንዴቱን ያባብሰዋል።

የዝሆኗ ትንኝ ቀልድ የደሴም የቆቦም አይደለችም። የቅኝ ገዢዎች ቀልድ ናት። እንግሊዞች በ1939 ለቅኝ ግዛቶቻቸው ፊልም የሚሠራ ክፍል አቋቁመው ነበር። መሪው ዊልያም ሴለርስ ይባላል። ከዚያ በፊት ናይጄሪያ ውስጥ የጤና ፊልም ሲሠራና ሲያሳይ የቆየ ሰው ነው። ሴለርስ አፍሪካዊ ተመልካች የተለመደውን ፊልም መከታተል አይችልም ብሎ ያምን ነበር። ፊልሙ ዝግ ይበል፣ ካሜራው አይዝለል፣ የቀረጻ ብልሃት አይግባበት አለ። ትንኟን አጉልታችሁ ብታሳዩት ሌላ አውሬ ይመስለዋል እየተባለ የሚወራው ወሬ የዚያ አስተሳሰብ ልጅ ነው። ክፍሉ በ1955 ተዘጋ። ቀልዱ ግን ወንዝና ባሕር ተሻግሮ፣ ይኸው ቅኝ ተገዝቶ የማያውቅ አገር ውስጥ፣ ስለ ገዛ ገበሬያችን እንድንስቅበት ቴሌግራም ላይ ደረሰ።

ከዚያው ሰፈር ሌላ ታሪክ አለ። እሱን ጸሐፊው አላነሡትም፤ ቢያነሡት ኖሮ ክርክሩ በተቃና ነበር። ጆን ዊልሰን የተባለ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ሰው የተረከው ነው። ካናዳዊው የመገናኛ ብዙኃን ምሁር ማርሻል ማክሉሃን በ1962 ባወጣው መጽሐፉ ጠቅሶት ታወቀ። አንድ የጤና ባለሙያ አፍሪካ ውስጥ አምስት ደቂቃ የምትሆን ፊልም ሠራ። የቆመ ውሃን ስለማድረቅ፣ ባዶ ጣሳዎችን ስለመሰብሰብ ነው። ለመንደሩ ሰው አሳየና «ምን አያችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«ዶሮ» አሉት።

ፊልም ሠሪዎቹ ግራ ገባቸው። ፊልሙ ውስጥ ዶሮ የለችማ! ተመልሰው ፍሬም በፍሬም ፈተሹት። እውነትም ከምስሉ ጥግ በኩል ለአንዲት ሴከንድ ያህል አንድ ዶሮ በርራ ታልፋለች። ቀርጸው፣ ቆርጠው፣ ቀጥለው ሲያበቁ አንዳቸውም አላዩአትም።

ይህ ታሪክ ለስድሳ ዓመት ሲነገር የኖረው ማንበብ የማይችል ሰው ምስል ማንበብም አይችልም ለማለት ነው። እኔ ተገላቢጦሹ ነው የሚታየኝ። ማን ነው ታዲያ በደንብ ያየው? ዶሮ ያለው ሰው ዶሮ ያያል። እህል ስታበላሽ፣ ጭልፊት ሲመጣባት፣ ልጅ ሲያባርራት ያያታል። ባለሙያው ያየው ሊያስተምር ያሰበውን ብቻ ነው። ገበሬው ያየው እዚያ ያለውን ሁሉ ነው።

ይህን ያነበብኩ ቀን ወደ ጋሼ ሄድኩ። ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ቆቦ ተወልደው ያደጉ ናቸው፣ አሁን ደሴ ሆጤ አካባቢ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። ሰማንያ ሊደፍኑ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ልጅ ሳሉ የወባ ፊልም አይተዋል። ምን ይገርማል፤ ቆቦና ጨርጨር በ1950ዎቹ (የወባው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) የወባ መከላከል ሙከራ ከተጀመረባቸው የአገሪቱ ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነበር። በ1958 ደግሞ ወባ ደጋማውን አገር ጭምር አጥለቀለቀው። ሦስት ሚሊዮን ሰው ታመመ፣ 150 ሺህ ገደማ ሞተ ተብሎ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው በማግስቱ፣ በ1959 ነው።

«ጋሼ፣ ትንኟ አስፈራቻችሁ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «አንተዬ፣ ምን ያስፈራናል! በአቡጀዲ ላይ በመብራት የተሣለች መሆኗን ሕፃንም ያውቃል። ጄኔሬተሩ ነው ያስፈራን፤ ጩኸቱ።»

«ታዲያ ምን አያችሁ?»

ጥቂት አሰቡ። «ሰውዬው ግድግዳ ላይ መድኃኒት ይረጫል። ግድግዳው የድንጋይ ነው። ልስን ነው። የኛ ቤት ጭቃ ነው። አባቴ ተነሥቶ ይሄ ነገር ጭቃ ላይ ይይዛል ወይ፣ ጭቃ ይጠጣዋል እኮ፣ ብሎ ጠየቀ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።»

ቢተያዩ አይፈረድባቸውም። ትንኟ ሰውን ነክሳ ከጠገበች በኋላ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። ዲዲቲ የሚረጨው ያረፈችበት እንዲገድላት ነው። ጭቃ ግን መድኃኒቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ላዩ ላይ የሚቀረው ያንሳል። በነዚያው ዓመታት በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ላቦራቶሪ ገብተው ይህንኑ ይመረምሩ ነበር። አያቴ ማንበብ አያውቁም ነበር። አቡጀዲ ላይ የ11 ደቂቃ ፊልም አይተው የሊቃውንቱን ጥያቄ ጠየቁ። አልገባቸውም ይበሉን እንግዲህ።

ጸሐፊው በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ትክክለኛ ነገር ብለዋል። ብዙዎቹ ፊልሞች በማይገባን ቋንቋ ነበሩ። ልክ ነው። አጠገቡ ቆሞ የሚያስረዳው ሰው ጎበዝ ካልሆነ ፊልሙ ከንቱ ነበር። ግን ይህ የተመልካቹ ጥፋት አይደለም።

የአማተሩን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ጸሐፊው «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ይላሉ። በ1940 አሜሪካ ውስጥ ታኮማ ላይ አንድ ትልቅ ድልድይ በነፋስ እንደ ገመድ ተወዛውዞ ፈረሰ። በ16 ሚሊ ሜትር የቀረጸው የካሜራ ሱቅ ባለቤት ነበር። ዛሬ ምሕንድስና የሚማር ተማሪ ያንን ፊልም ሳያይ አይመረቅም ማለት ይቻላል። (የሞተው መኪና ውስጥ የቀረ አንድ ውሻ ብቻ ነው።) ከ75 ዓመት በኋላ ደግሞ ተመራማሪዎች ፊልሙ የተቀረጸው በሴከንድ 16 ፍሬም ሆኖ ሳለ ሲገለበጥ በ24 እንደሄደ ደረሱበት። ስለዚህ ሰው ሲያየው የኖረው ድልድይ ከእውነተኛው ይበልጥ የሚቸኩል ነበር። ፊልሙ ባይቀመጥ ይህ በምን ይታወቅ ነበር?

ዴቭ ታትሱኖም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ የጃፓን ተወላጅ ዜጎቿን በካምፕ አጉራ ነበር። ካሜራ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ታትሱኖ አንዱ ኃላፊ እያወቀለት 8 ሚሊ ሜትር ካሜራውን አስገባ። የቀረጸው ተራ ነገር ነው፤ በረዶ፣ አቧራ፣ ልጆች ሲጫወቱ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲወጣ። የቤተሰብ ጉዳይ። በ1996 ይህም እላይ ያነሣሁት ዝርዝር ውስጥ ገባ። ያንን ሕይወት ከውስጥ ሆኖ ያሳየ ሌላ ፊልም ማግኘት ከባድ ነዋ።

አሁን ወደ ወሎ። ይህ ቦታ ያማል። ስለዚህ ጸሐፊው በቁጣ ቢጽፉት አይገርመኝም።

ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ትንሽ አለፍ ቢልም ዋናው ፊልም የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ነው። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የወሎን ረሃብ ለዓለም ያሳየ እሱ ነው። ወገናችን በዚያ መልክ መታየቱ ለማንም አይመችም። እኔም ሙሉውን አንድ ጊዜ ነው ያየሁት፤ ሁለተኛ አልደፈርኩም። ጸሐፊው «ይህ ፊልም ፊታችን ሆኖ ቀረ» ሲሉ እውነት አላቸው።

የሚቀጥለው ነገር ግን ጽሑፋቸው ውስጥ የለም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። እንዳለ አይደለም። በመሃል በመሃሉ የቤተ መንግሥት ግብዣ አስገባበት። ንጉሡ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ አስገባበት። የተራበ ልጅ፣ ከዚያ ድግስ፣ ከዚያ የተራበ ልጅ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ።

እነዚያ የድግስ ምስሎች በመጀመሪያ የተቀረጹት ለክስ አልነበረም። ለክብር ነበር። ለውዳሴ የተቀረጸው ጥቅል በአንድ ሌሊት የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሆነ። መቀሱ ተለወጠ እንጂ ምስሉ ያው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው «አየህ፣ ፊልም ያታልላል» ሊሉኝ ይችላሉ። አዎ፣ ያታልላል። መቀስ የያዘ ሰው ያሻውን ይናገርበታል። መቀሱን የምንቆጣጠረው ግን ያልተቆረጠው ሲቀመጥ ነው። ዋናውን ከጣልን የሚቀረን የቆረጠው ሰው ቃል ብቻ ነው።

«ከረሃብ በቀር ሌላ ፊት የለንም» የሚለውስ? ጸሐፊው ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር አምታተውታል ባይ ነኝ። የረሃቡ ፊልም የተረፈው ለንደን ውስጥ በሥርዓት ስለተቀመጠ ነው። ሌላው የጠፋው እኛ ቆሎ ስለምናቀርብበት ነው።

ሌላው ነበራ! ያኔ ከአዲስ አበባ አስመራ የሚሄድ መኪና ደሴን ያቋርጥ ነበር። ወደ አሰብ የሚወርደውም በኮምቦልቻና በባቲ ነበር። ካሜራ ያንጠለጠለ መንገደኛ ሁሉ የባቲን የሰኞ ገበያ ሳያነሣ አይሄድም ነበር። አፋሩ ከግመሉ ጋር፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጨውና እህል፣ ከብቱ። ከ1962 (በፈረንጅ) ጀምሮ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ደሴም አስተምረዋል። ሻንጣው ውስጥ 8 ሚሊ ሜትር ካሜራ ያልጨመረ ፈረንጅ በዚያ ዘመን ስንት ነበር? የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ተመልከቱ። ዛሬ ትልልቅ የብረት መጠለያ ካልታየበት ሙሉ ምስል ማግኘት ያስቸግራል። በ1960ዎቹ (ይህም በፈረንጅ ነው) አንድ ቱሪስት ሚስቱን ቤተ መድኃኔ ዓለም ፊት አቁሞ ቀርጿት ከሆነ፣ ለሱ የሚስቱ ፊልም ነው። ለኛ ግን ከጀርባዋ ያለው ድንጋይ፣ ስንጥቁ፣ በሩ ላይ የተቀመጡት ካህን፣ አጠገባቸው የቆመው ልጅ ነው። ሚስቱ ትቅርብን፤ ዶሮዋን እንፈልግ።

በሌላ አነጋገር የረሃብ ፊታችንን የምንመክተው የረሃቡን ፊልም በማጥፋት አይደለም፤ እሱ እንደሆነ ከእጃችን ውጪ ነው። የሰኞ ገበያውን አግኝተን አጠገቡ በማስቀመጥ ነው።

ስለ ገንዘቡ። ለወጣት ፊልም ሠሪ ካሜራ ይገዛ የሚለውን በሁለት እጄ እደግፋለሁ። የደሴ ልጆች በስልክ እየቀረጹ የሚሠሩትን ሳይ እደነቃለሁ። ግን ማን ነው አንዱን ለአንዱ ያስያዘው? በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሪክ ፕሬሊንገር የተባለ አሜሪካዊ ሰው የሚጥለውን የትምህርትና የማስታወቂያ ፊልም መልቀም ጀመረ። ያኔ ዕብድ ነው ያለው አይጠፋም። በ2002 ስብስቡን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ወሰደው። ዛሬ አዳዲስ ፊልም ሠሪዎች ከስብስቡ እየወሰዱ በነጻ ይሠሩበታል። አሮጌው ለአዲሱ ጥሬ ዕቃ ሆነ።

የመጀመሪያው ሥራ ደግሞ ብር አይጠይቅም። ቆርቆሮውን ከፍታችሁ አሽትቱ። ኮምጣጤ ከሸተተ አሴቴቱ መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው። ከሌሎቹ ለዩት፤ ይጋባል። ካልሸተተ ከፀሐይና ከምድጃ አርቃችሁ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። በላዩ የተጻፈ ነገር ካለ ገልብጣችሁ ያዙ። ሙቀትና እርጥበት ነው ጠላቱ። በዚህ በኩል የጦሳ ተራራ ብርድ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመን፤ ኮምቦልቻ ያላችሁ ወደ ደሴ ላኩት። ለጊዜው ፕሮጀክተር ላይ አትስቀሉት፤ የደረቀ ፊልም ይቆረጣል። ስካን ማድረጉ ገንዘብ ይፈልጋል፣ እሱ እውነት ነው። ግን የተቃጠለ ነገር በየትኛውም ገንዘብ ስካን አይደረግም።

ጽሑፉን ካነበብኩ በኋላ ቆርቆሮውን እንድትሰጠኝ አክስቴን ጠየቅኋት።

«ቆሎውን በምን ላቅርብ?» አለች።

ሰፌድ ገዝቼ ወሰድኩላት። ሰፌዱን ተቀበለች፤ ቆርቆሮውን አልሰጠችኝም። እስካሁን ድርድር ላይ ነን። ለማጽዳት ብቻ ፈቅዳልኝ ጎኑን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው የተለጠፈ ወረቀት ቁራጭ ብቅ አለ። በእጅ የተጻፈ ነው። «የንጹሕ ው» ይላል፤ የቀረው ተፍቋል። ውሃ ይሆን? ውኃ ጉድጓድ? አላውቅም። ደሴ ወይም አካባቢው፣ ምናልባት በትምህርት ቤት፣ ምናልባት በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ይህን ፊልም ልጅ ሆኖ ያየ ሰው ካለ፣ ምን እንዳየ ይጻፍልኝ። ዶሮም ብትሆን።